ባዶ ከምን? ከፋሲል መዋኛ ለመጣ ጥያቄ የተሰጠ ምላሽ

ጥያቄው የደረሰኝ ከአንድ የጎንደር አስጎብኚ ነው። አሳጥሬ ላስቀምጠው።

«መምህር፣ ጤና ይስጥልኝ። ባለፈው ታኅሣሥ አንዲት የቡድሃ እምነት ተከታይ እንግዳ ይዤ ፋሲል መዋኛ ሄድን። እንደሚያውቁት ጥምቀት ካልደረሰ ውሃ የለውም። ‹ይቅርታ፣ ባዶ ነው› አልኳት። ሳቅ ብላ ‹ሁሉም ነገር ባዶ ነው፤ ሁሉም ነገር በሌላው ተደግፎ ነው የሚኖረው› አለችኝ። ነገሩ ከአእምሮዬ አልወጣ አለ። ባዶ ከሆነ ምኑ በምኑ ይደገፋል? የሚሰቃየውስ ማነው? መክብብ ‹ሁሉ ከንቱ ነው› ካለው ጋር አንድ ይሆን? ትንሽ ቅኔ ቤት ስለነበርኩ ሰምና ወርቅ መሰለኝ። ዓለም ሰሙ፣ ባዶነት ወርቁ። ልክ ነኝ?»

ወንድሜ፣ ልክ አይደለህም። ግን ስህተትህ ጥሩ ስህተት ነው፤ እኔም ሕንድ አገር ይህን ፍልስፍና ስማር እዚያው ጉድጓድ ውስጥ ገብቼ ነበር። ወደ ሰምና ወርቁ እንመጣለን። መጀመሪያ መዋኛው ጋ እንቆይ።

«ባዶ ነው» ስትላት መዋኛው የለም ማለትህ ነበር? አይደለም። ግንቡ አለ። መሐል ላይ ያለው ቤት አለ። የዋርካው ሥር ድንጋዩን እንደ ጅማት አቅፎ ይዞታል። የሌለው ውሃው ብቻ ነው። እሷም የገባት እንደዚያው ነው። «መዋኛው ታዲያ የት ሄደ?» ብላ አልጠየቀችህም።

«ባዶ» የሚለው ቃል ብቻውን አይቆምም፤ «ከምን?» የሚል ጥያቄ ይጎትታል። ሞሰቡ ባዶ ነው ሲሉህ ከእንጀራ ነው። ኪሴ ባዶ ነው ሲሉህ ከብር ነው። ኪሱ ባዶ የሆነ ሰው ሱሪው አልጠፋበትም።

ቡድሃም አንድ ቀን ይህን ትምህርት ሲያስረዳ የተነሣው ከተቀመጠበት ቤት ነው። ሳቫቲ በምትባል ከተማ አንዲት ባለጸጋ ሴት ለመነኮሳት ያሠራችው ትልቅ አዳራሽ ነበር። ይህ አዳራሽ ከዝሆን፣ ከከብትና ከፈረስ ባዶ ነው አለ። ከወርቅና ከብርም ባዶ ነው። ከመነኮሳቱ ማኅበር ግን ባዶ አይደለም። የሌለውን «የለም» በል፣ የቀረውን ደግሞ «አለ» በል ነው ነገሩ። አንተም ሳታውቀው ታኅሣሥ ላይ ያንኑ ትምህርት ሰጥተሃታል።

ቃሉ በጥንታዊው የሕንድ ቋንቋ በሳንስክሪት ሹንያታ ይባላል፤ ባዶነት ማለት ነው። ሥሩ ሹንያ ነው። ሕንዶች ዜሮንም የጠሩት በዚሁ ቃል ነው። አረቦች «ሲፍር» ብለው ተረጎሙት፤ ይኸውም ባዶ ማለት ነው። ዛሬ ዜሮ የምንለው ከዚያ ዞሮ የመጣ ቃል ነው። 105 ብር ላይ ያለችውን ዜሮ «ምንም አይደለችም» ብለህ አውጣትና 15 ብር ይዘህ ወደ ቤትህ ትገባለህ። ይህን በጨዋታ ያዘው፤ ማስረጃ አላደርገውም።

ታዲያ ነገሮች ሁሉ ባዶ የሆኑት ከምንድን ነው? ፓሊ በሚባለው ሌላ የሕንድ ቋንቋ በተጻፉት ጥንታዊ የቡድሂስት መጻሕፍት አናንዳ የተባለው ደቀ መዝሙር ይህንኑ ይጠይቃል። «ዓለም ባዶ ነው» የሚባለው ለምንድን ነው ይላል። ቡድሃ ሲመልስ ከ«እኔ» እና «የእኔ» ከሚባል ነገር ባዶ ስለሆነ ነው ይላል። ዓይን አለ፣ የሚታየው ነገር አለ፣ ማየትም አለ። ከእነዚህ ኋላ ቁጭ ብሎ ሁሉን የሚያዝ፣ የማይለወጥ ባለቤት ግን አይገኝም።

በኋላ የተነሡት ፈላስፎች ነገሩን አሰፉት። ነገሮች ባዶ የሆኑት ከስቫብሃቫ ነው አሉ። «ስቫ» የራስ ማለት ነው፤ «ብሃቫ» መሆን። በሌላ ሳይደገፉ፣ በራስ ብቻ መኖር እንደማለት። አንዳንዱ ሰው ይህን «ባሕርይ» ብሎ ይመልሰዋል። እኔ ጎንደር ላይ ተቀምጬ ይህን ቃል እንዲህ በቀላሉ ለመጠቀም እፈራለሁ። በአፄ ፋሲል፣ በልጃቸው በአፄ ዮሐንስና በአድያም ሰገድ ኢያሱ ዘመን የቅባትና የተዋሕዶ ሊቃውንት በየጉባኤው የተሟገቱበት ቃል ነው። ሌላ ሸክም አልጨምርበትም። «በራስ መቆም» ልበለው። እሳት ያቃጥላል፣ ውሃ ያርሳል የሚለውን ጠባይ የካደ የለም። የተካደው እሳቱ ያለ እንጨት፣ ያለ አየር፣ ያለ ለኳሽ በራሱ ቆሞ ይኖራል የሚለው ነው።

ይህን ሐሳብ እስከ ጥጉ የገፋው ናጋርጁና የተባለ መነኩሴ ነው። ከደቡብ ሕንድ እንደሆነ ይነገራል፤ የኖረውም እ.ኤ.አ. በ2ኛው ወይም በ3ኛው ክፍለ ዘመን ገደማ ነው። ዋናው ሥራው ስለ መካከለኛው መንገድ የጻፈው ግጥም ነው። 27 ምዕራፍ አለው፤ ወደ 450 የሚጠጉ አንጓዎች። የግጥሙ አጭርነትና ድርቀት የቅኔ ቤት ሰው የሚወደው ዓይነት ነው። 24ኛው ምዕራፍ ላይ ያለችው 18ኛዋ አንጓ የሁሉም ማሰሪያ ናት። አሳቧ እንዲህ ነው፦ በሌላ ተደግፎ የተነሣውን ነገር ነው ባዶ የምንለው፤ ይህም ራሱ ተደግፎ የተሰጠ ስያሜ ነው፤ መካከለኛው መንገድም ይኸው ነው።

እንግዳህ ሁለት ነገር የነገረችህ መስሎህ ነበር። አንድ ነገር ነው ሁለት ጊዜ ያለችህ። «ባዶ ነው» እና «በሌላ ተደግፎ ነው» አንድ ናቸው። «ባዶ ከሆነ ምኑ በምኑ ይደገፋል?» ያልከው ተገልብጦብህ ነው። የሚደገፈው ባዶ ስለሆነ ነው። በራሱ የቆመ ነገር ድጋፍ ምን ያደርግለታል?

አሁን ባጃጅ እንሳፈር። በ2ኛው ክፍለ ዘመን ከክርስቶስ ልደት በፊት ሜናንደር የሚባል የግሪክ ዘር ንጉሥ በሰሜን ምዕራብ ሕንድ ይገዛ ነበር። ቡድሂስቶቹ ሚሊንዳ ይሉታል። ይህ ንጉሥ ናጋሴና ከተባለ መነኩሴ ጋር ያደረገው ክርክር ተጽፎ ቆይቷል። ንጉሡ ስሙን ይጠይቀዋል። መነኩሴው ናጋሴና እባላለሁ፣ ግን ስም ብቻ ነው፣ ከስሙ ኋላ የሚገኝ ሰው የለም ይለዋል። ንጉሡ ያፌዝበታል። ይሄ ልብስ የለበሰው፣ የሚበላው፣ ጽድቅና ኃጢአት የሚሠራው ታዲያ ማነው? መነኩሴው በምን መጣህ ብሎ ይጠይቀዋል። በሠረገላ። እሺ፣ ሠረገላው መንኮራኩሩ ነው? አይደለም። ዘንጉ ነው? አይደለም።

በእኛ ቋንቋ እንሂድ። ከፒያሳ ወደ አዘዞ የሚወስድህ ባጃጅ። ጎማው ነው ባጃጁ? ጎማማ ጎሚስታው ጋ ተደርድሮ ታየዋለህ፤ ማንም አይሳፈርበትም። ሞተሩ ነው? ሞተሩ ወርዶ ጋራዥ ሲገባ «ባጃጄ ያለ ሞተር ቆሟል» ይልሃል ባለቤቱ፤ ባጃጁ ሞተሩ ቢሆንማ ቆሟል የሚባለው ምኑ ነው? መሪው? ሸራው? ሊብሬው? አይደለም። እሺ፣ ሁሉም አንድ ላይ? እዚህ ጋ በ7ኛው ክፍለ ዘመን የናጋርጁናን ግጥም ያብራራው ቻንድራኪርቲ ይገባና ይጠይቅሃል። ዕቃው ሁሉ ተፈትቶ መሬት ላይ ቢከመር ባጃጅ ነው? አይደለም፤ ክምር ነው። ቅርጹ ነው እንዳትል ቅርጽ ያለ ዕቃው አይገኝም። ከዕቃው ውጭ የሆነ ሌላ ነገር ነው እንዳትል ዕቃውን ሁሉ አንሥተህ የቀረውን ባጃጅ አሳየኝ።

አላገኘኸውም። ግን አዘዞ ደርሰሃል፤ ሒሳብም ከፍለሃል። (ባጃጅ የሕንድ ኩባንያ ስም ነው። የሚሊንዳ ሠረገላ ሞተር ገጥሞ ጎንደር ገባ ብዬ ለብቻዬ እስቃለሁ።)

ናጋሴና ያለው ባጃጅ የለም አይደለም። ዕቃውን፣ ሥራውን፣ የእኛን አጠራር ተደግፎ «ባጃጅ» የሚባል ስም ይሰጣል፤ ስሙም ይሠራል። ፈልገህ የምታጣው ከዚያ በላይ የሆነ፣ በራሱ የቆመ ባጃጅነትን ነው። «እኔ» የምንለውም እንደዚያው ነው ይላሉ። አካል፣ ስሜት፣ መለየት፣ የፈቃድ ዝንባሌና ንቃት የሚሏቸው አምስት ክምሮች አሉ። እነሱን ተደግፎ «እገሌ» ይባላል። ስምህ ሲጠራ አቤት ትላለህ። ትክክል ነህ። አምስቱን ፈትሸህ ግን ስድስተኛ ባለቤት አታገኝም።

ወደ ሰምና ወርቁ። ወርቅ አንጥረኛው መጀመሪያ በሰም ቅርጹን ይሠራል፣ በጭቃ ይሸፍነዋል፣ ሰሙን ያቀልጥና ወርቁን ያፈስሳል። ቅኔውም እንደዚያ ነው። ላይኛው ቃል ይቀልጣል፣ ውስጥ ያለው ፍቺ ይቀራል። ተማሪው ወርቁን ሲያገኝ መምህሩ ደስ ይላቸዋል። አንተም ዓለምን አቅልጠህ ውስጡ ባዶነት የሚባል ወርቅ ጠበቅህ። ደንበኛው ስህተት ይሄ ነው። ከነገሮች ጀርባ የተቀመጠ፣ ከእነሱ የበለጠ እውነት የሆነ፣ «ባዶነት» የሚባል ነገር የለም። ሰሙ ቀልጦ የሚቀር ወርቅ የለም። ሰሙ ራሱ የተደገፈ መሆኑ ነው የተባለው።

ናጋርጁና በዚህ ላይ ጨካኝ ነው። ባዶነትን እንደ አቋም ይዘው የተቀመጡትን መድኃኒት የማይገኝላቸው ይላቸዋል። ቻንድራኪርቲ ይህችን ቦታ ሲያብራራ ያመጣት የሱቅ ምሳሌ አለች። እኔ የሰፈራችን ሱቅ ውስጥ ላስገባት። ትገባና «ስኳር አለ?» ትላለህ። «የለም።» «ዘይትስ?» «ዛሬ ምንም የለም።» «እሺ፣ እሱን ምንሙን አንድ ኪሎ ስጠኝ።» ባለሱቁ ምን ብሎ ያስረዳህ? «የለም» ያለህን እንደ ዕቃ ቆጥረህ ፌስታል ዘርግተህ ቆመሃል።

ባዶነት ራሱም ባዶ ነው የሚሉት ለዚህ ነው። መዋኛው ጋ ተመለስ። የመዋኛው ባዶነት ያለ መዋኛው ይገኛል? ግንቡን አፍርሰህ ባዶነቱን ብቻ ለእንግዳ ማስጎብኘት ትችላለህ? ያኔማ ቲኬት የሚቆርጥልህ አታገኝም። ባዶነቱ በግንቡ ተደግፏል። ከቀሃ ወንዝ የሚመጣው ውሃ ሲገባበት ደግሞ «ባዶ» መባሉ ይቀራል።

ሌላኛው ገደል «ምንም የለም» ማለት ነው። እኔ የገባሁበት እሱ ነው። ተማሪ ሳለሁ ይህን ያነበብኩ ሰሞን ከቤት የመጣልኝ ድርቆሽ እንኳ አልጣፍጥ አለኝ። ባዶ ነው፣ ምን ያደርጋል አልኩ። የመመረቂያ ጽሑፌን ሦስት ሳምንት አልነካሁትም። ስንፍናዬን ፍልስፍና አለበስኩት ብል ይሻላል። ናጋርጁና ይህንንም አስቀድሞ ያውቀዋል። ባዶነትን አጣሞ መረዳት እባብን ያለ አያያዙ እንደ መያዝ ነው ይላል፤ ያጠፋሃል። ቡድሃም ካቻያና ለሚባል ሰው ተመሳሳይ ነገር ነግሮታል። «ሁሉም አለ» አንዱ ጫፍ ነው፣ «ሁሉም የለም» ሌላው ጫፍ ነው፣ እኔ በመካከል አስተምራለሁ። ናጋርጁና በግጥሙ ውስጥ ይህን ንግግር ጠርቶ ይጠቅሰዋል። የናጋርጁና ተከታዮች የፍልስፍና ትምህርት ቤት ስም «መካከለኛ» የተባለው በዚህ ነው። መካከለኛ ሲባል ግማሹ አለ፣ ግማሹ የለም የሚል ሽምግልና እንዳይመስልህ።

በናጋርጁና ዘመን የነበሩ ተከራካሪዎችም አሪፍ ጥያቄ ያቀርቡለት ነበር። ሁሉም ባዶ ከሆነ ያንተም ቃል ባዶ ነው፤ ባዶ ቃል ደግሞ ምንም ሊያስተባብል አይችልም አሉት። መልሱ፦ አዎ፣ ቃሌም ባዶ ነው፤ ሠረገላም፣ እንስራም፣ ልብስም ባዶ ናቸው፤ ግን እንጨት ያመላልሳሉ፣ ውሃ ይይዛሉ፣ ከብርድ ይከልላሉ።

እኔ ይህን ለተማሪዎቼ የማስረዳው በእድር ነው። የሰፈራችሁን እድር አስበው። የመሠረቱት አባቶች አንድ ባንድ አልቀዋል። ድንኳኑ ተቀይሯል። ብረት ድስቱ ተቀይሯል። ዳኛውም ጸሐፊውም አዲስ ናቸው። መዝገቡ ሲሞላ ሌላ ተገዝቷል። እድሩ ግን ያው እድር ነው። አባላቱ ናቸው እድሩ? እገሌ ሲወጣ እድሩ አልቀነሰም። ድንኳኑ ነው? ይከራያል። ደንቡ ነው? ስንቴ ተሻሽሏል። በጣትህ «ይሄ ነው እድሩ» ብለህ የምትነካው ነገር የለም። እንዲህ ሆኖ ሰው ሲሞት ጡሩንባው ይነፋል፣ ድንኳኑ ይተከላል፣ ወንበሩ ይመጣል፣ ሬሳው በክብር ያርፋል። በራሱ የቆመ እድር የለም፤ ይቀብርሃል ግን። «ባዶ ከሆነ እንዴት ይሠራል?» ለሚለኝ ሰው ከዚህ የተሻለ መልስ የለኝም። እንዲያውም ባዶ ባይሆን አዲስ አባል መቀበልም፣ መዋጮ መጨመርም ባልቻለ ነበር።

«በሌላ ተደግፎ መነሣት» የሚለው ቃል በሳንስክሪት ፕራቲትያ ሳሙትፓዳ ነው። አጭሩ ቀመር አራት መስመር ነው። ይህ ሲኖር ያ ይኖራል፤ ይህ ሲነሣ ያ ይነሣል። ይህ ሳይኖር ያ አይኖርም፤ ይህ ሲጠፋ ያ ይጠፋል። ቀላል ይመስላል። አናንዳም ቀላል መስሎት ለእኔ ግልጽ ነው ብሎ ተናግሮ ነበር። ቡድሃ እንዲህ አትበል፣ ጥልቅ ነገር ነው ብሎ ገሠጸው። ስለዚህ ካልገባህ አይክፋህ።

ብዙ ሰው «ሁሉም የተያያዘ ነው» ሲሰማ «ድር ቢያብር» የሚለውን ያስባል። ይሄ ግን የመተባበር ስብከት አይደለም። መኖር ራሱ ድጋፍ ነው እያለ ነው። ሳሪፑታ የተባለው ደቀ መዝሙር ሁለት የሸምበቆ ነዶ ተደጋግፈው ሲቆሙ ያሳያል፤ አንዱን ብትስብ ሌላው ይወድቃል። እሱ የሚናገረው ስለ ንቃትና ስለ «ስምና አካል» ነው። ማወቅና የሚታወቀው ተደጋግፈው ቆመዋል፤ የትኛው ቀደመ ብትለው መልስ የለም።

«የመጀመሪያው ምን ነበር?» የሚለው ጥያቄ አንተ ባትጠይቀውም መምጣቱ አይቀርም። እርሾን እይ። ዛሬ የሚቦካው ሊጥ እርሾ የሚያገኘው ካለፈው ቡኮ ነው፤ ያም ካለፈው። እርሾ ያለቀባት ሴት ከጎረቤት ትጠይቃለች፤ ጎረቤቷም አንድ ቀን ከሌላ ጠይቃለች። የመጀመሪያዋን እርሾ ፍለጋ ብትወጣ የጎንደርን ጓዳ ሁሉ ዞረህ አታገኛትም። ባለሙያ እናት ደግሞ ይስቁብሃል። ዱቄቱን በውሃ በጥብጠህ ብትተወው በራሱ ቀን ጠብቆ ይቦካል ይሉሃል። «በራሱ» ሲሉ ግን ከእህሉ ጋር የመጣው ጥቃቅን ሕይወት አለ፣ ሙቀቱ አለ፣ ቀኑ አለ። «በራሱ» የሚለውን ቃል በነካካኸው ቁጥር ሌላ ነገር ከውስጡ ይወጣል። ቡድሂስቶቹ ለዚህ የሕይወት ዙር የሚታይ መነሻ የለውም ይላሉ።

ስቃይን በተመለከተ ይህ ሰንሰለት አሥራ ሁለት ማያያዣ ተደርጎ ይቆጠራል። አለማወቅ፣ የፈቃድ ዝንባሌ፣ ንቃት፣ ስምና አካል፣ ስድስቱ ሕዋሳት፣ ንክኪ፣ ስሜት፣ ጥማት፣ ሙጥኝ ማለት፣ መሆን፣ መወለድ፣ እርጅናና ሞት። (ስድስት ያልኩት ልብን ጨምረው ስለሚቆጥሩ ነው።) ሁሉንም አልተነትንም። መሐሉን ብቻ ላሳይህ። ፒያሳ ስታልፍ አዲስ ስልክ መስታወት ውስጥ አየህ። ዓይንህና ስልኩ ተገናኙ፤ ንክኪ። ደስ አለህ፤ ስሜት። አማረህ፤ ጥማት። ማታ «ያለሱማ እንዴት ልሥራ?» ማለት ጀመርክ፤ ሙጥኝ። ጠዋት የእቁብህን ዕጣ በጉትጎታ አስቀድመህ ወስደህ ገዛኸው። አሁን ባለ አዲስ ስልኩ አንተ ተወልደሃል። ወዲያው ደግሞ መስታወቱ ተሰነጠቀና የተወለደው ሰው ማርጀት ጀመረ። ብዙ መምህራን ሰንሰለቱ የሚላላው በስሜትና በጥማት መካከል ነው ይላሉ። ደስ ማለቱን አታስቀረውም። ደስ አለኝና ልያዘው የሚለው ጋ ግን ትንፋሽ የምትወስድበት ክፍተት አለ።

እንግዲህ የሚሰቃየው ማነው ላልከው። ናጋርጁና 24ኛው ምዕራፉን የጀመረው በዚሁ ሙግት ነው። ተቃዋሚው፦ ሁሉም ባዶ ከሆነ ስቃይም የለም፣ ከስቃይ መውጫም የለም፣ የቡድሃ ትምህርት ፈረሰ ይለዋል። ናጋርጁና ነገሩን ይገለብጥበታል። ስቃይ በራሱ የቆመ ቢሆን ኖሮ ነው ጉድ የሚፈላው ይላል። በራሱ የቆመ ነገር ያለ ምክንያት ስላለ አይነሣም፣ አይለወጥም፣ አይጠፋምም። ስቃይህ ዘላለም እንደ ራስ ዳሽን ተገትሮ ይኖር ነበር። የሚጠፋው በምክንያት ስለተደገፈ ነው። ጥርስህን ሲያምህ ሐኪም ጋ የምትሄደው ሕመሙ ምክንያት አለው ብለህ ነው። የሚሰቃየው ሰው የለም አላሉም፤ አንተ ነህ፣ ባጃጁ ባጃጅ በሆነበት መንገድ። ሕመሙም ያምማል።

መክብብን በአጭሩ። «ከንቱ፣ ከንቱ፣ የከንቱ ከንቱ፣ ሁሉ ከንቱ ነው» ሲል ሰባኪው ደክሞት ነው። ከፀሐይ በታች ለፍቶ ምን አተረፈ ብሎ እየመዘነ ነው። ከንቱ የዋጋ ቃል ነው። ባዶ ግን ነገሩ እንዴት እንደሚኖር የሚናገር ነው፤ ይጠቅማል አይጠቅምም አይልም። እንጀራ ባዶ ነው፣ ከንቱ ግን አይደለም፤ ጾሙ ሲፈታ ጠይቀኝ። ሁለቱ የሚቀራረቡት ኃላፊ ነገር ላይ ሙጥኝ አትበሉ የሚለው ላይ ነው። ከዚያ ወዲያ መንገዳቸው ይለያያል።

እግረ መንገድ አንድ ለአስጎብኚነትህ የሚጠቅም ነገር። የቡድሃ ታሪክ አገራችን ከገባ ቆይቷል፤ ስሙን ቀይሮ ነው እንጂ። የባራላምና የይዋስፍ ታሪክ የሚባለውን የግዕዝ መጽሐፍ በአፄ ገላውዴዎስ ዘመን ከአረብኛ የተረጎሙት አባ ዕንባቆም ናቸው። የሕንዱ ንጉሥ ልጅ በሽተኛ፣ ሽማግሌና ሞት አይቶ ዓለምን የሚንቅበት ታሪክ ነው። «ቦዲሳትቫ» የሚለው የቡድሃ መጠሪያ በአረብኛ ቡዳሳፍ ሆነ። ከዚያ የአንድ ነጥብ ስህተት «ቡ»ን «ዩ» አደረጋትና ዩዳሳፍ፣ በእኛም ይዋስፍ። ታሪኩ እዚህ ሲደርስ ልዑሉ ክርስቲያን ሆኗል። ሹንያታ ግን አብራው አልመጣችም፤ መንገድ ላይ ቀርታለች።

ያልጠየቅኸኝ፣ ግን ሆድህ ውስጥ ያለ የሚመስለኝ ጥያቄ አለ። ይህ ከሃይማኖቴ ጋር ይሄዳል? ሁሉም አንድ ነው ብዬ ላባብልህ አልፈልግም። ፍጥረት በራሱ አልቆመም የሚለው ላይ የእኛ አባቶችም ይስማማሉ፤ ያለ ፈጣሪው ቆሞ የሚውል ፍጥረት የለም። የሚለያዩት ቀጥሎ ነው። ለእኛ «ያለና የሚኖር» ያለው እርሱ በማንም አይደገፍም። ለናጋርጁና ግን በራሱ የቆመ አንድም ነገር የለም፤ ቡድሃን ራሱን፣ የመጨረሻውን ዕረፍት ኒርቫናን ራሱን ሳይቀር። ይህ ልዩነት ትንሽ አይደለም። እንግዳህን በአክብሮት ለማስተናገድ ግን ልዩነቱን መደበቅ አያስፈልግህም፤ እሷም የምትደብቀው አይመስለኝም።

ሌላ ጊዜ እንዲህ ዓይነት እንግዳ ስትመጣ አንድ ጥያቄ ብቻ ጠይቃት፦ «ባዶ ከምን?» ከስሪ ላንካ ወይም ከታይላንድ ከሆነች «ከእኔና ከእኔነት» ማለቷ አይቀርም። ከቲቤት ትምህርት ቤት ከሆነች ስቫብሃቫን ትጠራልህና እስከ ማታ ትከራከርሃለች፤ ክርክር እንደ ቅኔ ቤት ዘረፋ ነው ለእነሱ፣ እጅ እያጨበጨቡ ነው የሚጠይቁት። ከኮሪያ ከሆነች ደግሞ በየዕለቱ የሚደግሟት አጭር ጸሎት መሰል ጽሑፍ አለች፤ ቅርጽ ባዶነት ነው፣ ባዶነትም ቅርጽ ነው የምትለዋን እዚያው ግንቡ ጥግ ታነበንብልህ ይሆናል። ከቻልክ ጥር 10 ከሰዓት ታቦታቱ ሲወርዱ አምጣት፤ ያኔ መዋኛው ሞልቶ ይጠብቃችኋል።